የባኽን የሥራ ቦታዎች በባቡር፦ ከአይዘናኽ እስከ ላይፕዚግ

የሙዚቃ ደራሲውና ኦርጋን ተጫዋቹ ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ ከልዑል አለቃው ጋር ወደ ካርልስባድ ፍል ውኃ ከመሄዱ በቀር፣ ዛሬ ጀርመን ከምንለው ምድር ወጥቶ አያውቅም። የተወለደበት፣ የተቀጠረበት፣ የታሰረበትና የተቀበረበት ቦታ አብዛኛው በክልል ባቡር ይደረሳል። እኔ ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። በአማርኛ በምናመልክበት ጉባኤ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ልጅ ሆኜ መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ከተማርኳቸው መዝሙሮች አንዳንዶቹ ዜማቸው ከዚህ አገር የመጣ ነው። ባኽን ማዳመጥ የጀመርኩት እነሱኑ መዝሙሮች በሱ ድርሰት ውስጥ ሳገኛቸው ነው።

ስለ ባኽ ሲወራ ብዙ ጊዜ እንደ ቅዱስ ሥዕል ከፍ ተደርጎ ይሰቀላል። እኔን የሚስበኝ ግን ሌላው ባኽ ነው። እሁድ ጠዋት ሥራ የሚገባው፣ ከአለቆቹ ጋር የሚጨቃጨቀው፣ ደሞዙን የሚያሰላው፣ ቤቱ በልጅ የተሞላው ሰው። ያን ሰው ፍለጋ ነው ግንቦት ላይ አንድ ሳምንት ፈቃድ ወስጄ የወጣሁት። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰኞ፣ አይዘናኽ

ለክልል ባቡር ብቻ በሚያገለግለው በዶይችላንድ ቲኬት ስለምጓዝ ፈጣኑን ባቡር አልተሳፈርኩም። በፉልዳና በቤብራ በኩል ባቡር እየቀየርኩ፣ ጫካና ኮረብታ እያየሁ፣ ረፋድ ላይ አይዘናኽ ገባሁ። ከጣቢያው እስከ ገበያው አደባባይ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። አደባባዩ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል።

መጀመሪያ ያየሁት የመጠመቂያውን ድንጋይ ነው። 1503 የሚል ዓመት አለው። ባኽ መጋቢት 21 ቀን 1685 ተወለደ፤ በ23 እዚህ ድንጋይ ላይ ተጠመቀ። ከዚያ በፊት ማርቲን ሉተር በዚሁ ከተማ ትምህርት ቤት ተምሯል። ስለ ትምህርቱ ከተጠየቀበት ከቮርምስ ጉባኤ ሲመለስም በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ሰብኳል። ኮረብታው ላይ ባለው በቫርትቡርግ ግንብ ተሸሽጎ ሐዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ የተረጎመውም እሱ ነው። ባኽ ሉተር በተማረበት ትምህርት ቤት ገባ። ጉባኤው ራሱ የሚዘምረውን የሉተርን መዝሙር ሰምቶ አደገ። በሕይወቱ ሙሉ የጻፈው ሙዚቃ ትልቁ ክፍል ከዚያ የወጣ ነው።

አባቱ ዮሐን አምብሮዚየስ የከተማው ሙዚቀኞች ኃላፊ ነበር። የአባቱ የአጎት ልጅ ደግሞ በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይጫወት ነበር። የባኽ ዘር በቱሪንጊያ ምድር ሙያው ሙዚቃ ነው። በኤርፉርት ከተማ የስሙ ባለቤቶች ካለቁ በኋላ እንኳ ሕዝቡ የከተማውን ሙዚቀኞች ሁሉ «ባኾች» ይላቸው ነበር ይባላል።

ከሰዓት በኋላ የባኽ ቤት የሚባለው ሙዚየም ገባሁ። በ1907 ነው የተከፈተው። ባኽ የተወለደበት ቤት ነው ተብሎ ቢገዛም፣ በኋላ እንዳልሆነ ታውቋል። ግን ቤቱን አልናቅሁትም። ምክንያቱም በየሰዓቱ በባኽ ዘመን መሣሪያዎች ፊት ለፊትህ ይጫወቱልሃል። ክላቪኮርድና ሃርፕሲኮርድ የሚባሉት ባለ ክር የቁልፍ መሣሪያዎች፣ ትንሽ የቤት ኦርጋን። ለኦርጋኑ ከጎብኚው መካከል አንድ ሰው ተጠርቶ ወናፉን ይረግጣል። ያን ቀን የወጣው አንድ የትምህርት ቤት ልጅ ነው። ልጁ ሲረግጥ ድምፁ ይሞላል። ሲዘናጋ ድምፁ ይወድቃል።

እዚያ ነው ነገሩ የገባኝ። የቧንቧ ኦርጋን ንፋስ የሚተነፍስ መሣሪያ ነው። ቁልፉን ስትጫን የንፋስ በር ትከፍታለህ፣ ንፋሱ በቧንቧው ገብቶ ያፏጫል። ረዥም ቧንቧ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፣ አጭሩ ቀጭን። አንድ ትልቅ ኦርጋን በሺህ የሚቆጠር ቧንቧ አለው። ተጫዋቹ በሁለት እጁ ሁለትና ሦስት ረድፍ ቁልፍ፣ በሁለት እግሩ ደግሞ ፔዳል ይጫወታል። በባኽ ዘመን ኤሌክትሪክ የለም። ስለዚህ ባኽ ብቻውን መለማመድ ሲፈልግ እንኳ፣ ከኋላ ወናፍ የሚረግጥ ሰው ማግኘት ነበረበት።

ማታ እያደርኩ ያሰብኩት ግን ሌላ ነገር ነው። እናቱ በ1694 ሞተች። አባቱ በ1695 መጀመሪያ ተከተለ። ባኽ አሥር ዓመት ሳይሞላው ወላጅ አልባ ሆነ።

ማክሰኞ፣ ጎታና ኦርድሩፍ

ከአይዘናኽ ወደ ኦርድሩፍ ስትሄድ መጀመሪያ ጎታ ትወርዳለህ። ከዚያ አውቶቡስ ነው። ጎታ ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ ከተማ አይደለም፤ በተለይ ለእኛ።

ፍሪደንሽታይን የሚባለው ትልቅ ነጭ ቤተ መንግሥት ከከተማው በላይ ተቀምጧል። አባ ጎርጎርዮስ፣ ከአምሐራ አገር ከመካነ ሥላሴ የተነሱት ሊቅ፣ በ1652 እዚህ መጥተዋል። የጠራቸው ኤርፉርት የተወለደው ኢዮብ ሉዶልፍ ነው። ሮም ተገናኝተው ግዕዝ አስተምረውታል፣ ስለ አማርኛም ነግረውታል። ሉዶልፍ በ1698 ፍራንክፈርት ላይ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ያን አላዩም። ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ።

ይህን ከባኽ ጋር የሚያገናኘው ምንድን ነው ትሉ ይሆናል። አባ ጎርጎርዮስ ጎታ በገቡበት ዓመት የባኽ አባት እዚያው ጎረቤት ኤርፉርት የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። የሠላሳው ዓመት ጦርነት ካበቃ ገና አራት ዓመቱ ነው። አገሩ ፈራርሷል። የጎታው መስፍን ኤርንስት ግን ትምህርት ቤት ይከፍታል፣ ልጅ ሁሉ እንዲማር ያዛል፣ ከኢትዮጵያ ሊቅ ያስጠራል። ባኽ የተማረባት ቱሪንጊያ ከዚያ ዘመን የወጣች ናት። ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ቆሜ ስለ አባ ጎርጎርዮስ ማሰቤ ከመንገዴ አላስወጣኝም።

ኦርድሩፍ ትንሽ ከተማ ናት። ወላጅ አልባው ባኽ እዚህ የመጣው ታላቅ ወንድሙ ጋ ለማደግ ነው። ወንድሙ ዮሐን ክሪስቶፍ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ነበር። እሱም የታዋቂው ደራሲና ኦርጋን ተጫዋች የፓኸልቤል ተማሪ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ፈርሷል። ማማው ብቻ ነው የቀረው። ዞር ዞር ብዬ አየሁት።

ባኽ ከሞተ በኋላ በ1754 የታተመው የሕይወት ታሪኩ የዚህን ቤት አንድ ነገር ይተርካል። ወንድሙ የታላላቅ ደራሲያን ሥራ የተገለበጠበት ደብተር ነበረው። ለልጁ ግን አልሰጠውም። ደብተሩ የፍርግርግ በር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ልጁ ሌሊት ቤተሰቡ ሲተኛ ትንሿን እጁን በፍርግርጉ ያስገባል፣ ደብተሩን ጠቅልሎ ያወጣል፣ መብራት ስለሌለው በጨረቃ ብርሃን ይገለብጣል። ስድስት ወር ፈጀበት። ሲጨርስ ወንድሙ ደረሰበትና የገለበጠውን ቀማው።

ብዙ ሰው ይህን የሚያነበው እንደ ተረት ነው። እኔ ግን አምነዋለሁ። ባኽ ዕድሜውን ሙሉ የተማረው እንዲሁ ነው፤ የሌላውን ሥራ በእጁ እየገለበጠ። ማስረጃውን ቫይማር ስደርስ እነግራችኋለሁ።

ረቡዕ፣ አርንሽታት

የዚህ ጉዞ ልብ ለእኔ አርንሽታት ናት። ስለዚህ ሙሉ ቀን ሰጠኋት።

በ1703 የከተማው አዲስ ቤተ ክርስቲያን አዲስ ኦርጋን ተገጠመለት። የሠራው ቬንደር የሚባል ባለሙያ ነው። መርምሮ የሚቀበል ሰው ሲፈለግ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ባኽ ተጠራ። መረመረ፣ ተጫወተ። ወዲያው ተቀጠረ። ደሞዙ በዓመት 84 ጉልደንና 6 ግሮሽን ነበር። ለዚያ ዕድሜ ጥሩ ገንዘብ ነው። ከፊሉ የሚከፈለው ከከተማው የቢራ ግብር ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬ የባኽ ቤተ ክርስቲያን ይባላል። ከውጭ ሲታይ ተራ ነው። ውስጡ ግን ፎቅ በፎቅ የተደራረበ የእንጨት ሰገነት አለው። በምዕራብ በኩል ሁለት ኦርጋን አንዱ ካንዱ በላይ ተቀምጠዋል። ከታች ያለው የ1913 ነው። ከላይ፣ ጣሪያው ሥር፣ የቬንደር ኦርጋን አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በ1703ቱ መልክ ተመልሶ የተሠራ ነው፤ ከጥንቱ የተረፉት ቧንቧዎችም ገብተውበታል። ባኽ በጣቱ የነካው የቁልፍ ሰሌዳ ግን ከተማው ሙዚየም ውስጥ ነው። ሄጄ አየሁት። ትንሽ ነው። እንጨት ነው። ከፊቱ ብዙ ቆየሁ።

ባኽ ለአለቆቹ የሚመች ሠራተኛ አልነበረም። የተማሪ መዘምራኑን ማሠልጠን አይወድም። ጋይርስባኽ የሚባለውን የፋጎት (ወፍራም ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ) ተጫዋች ሰደበው። በነሐሴ 1705 አንድ ማታ ጋይርስባኽ ዱላ ይዞ አደባባይ ላይ ጠበቀው። ባኽ ሰይፉን መዘዘ። ሰዎች ገብተው ገላገሏቸው። ጉዳዩ ቤተ ክህነት ችሎት ደረሰ።

በዚያው ዓመት መኸር ላይ ባኽ የአራት ሳምንት ፈቃድ ጠየቀ። ሉቤክ ድረስ ሄዶ ዲትሪኽ ቡክስተሁደን መስማት ይፈልጋል። ቡክስተሁደ በሰሜን ጀርመን ከሁሉ የገነነ የኦርጋን መምህር ነበር። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በእግሩ ሄደ። እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ቅኔ ለመማር ከጎጃም ጎንደር፣ ከጎንደር ዋሸራ፣ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ መምህር ፍለጋ የሚሄድ የቆሎ ተማሪ እናውቃለን። ባኽም መምህር ፍለጋ የወጣ ተማሪ ነበር። ልዩነቱ ደሞዝተኛ መሆኑ ነው፤ አለቆቹ ይጠብቁታል።

አራት ሳምንቱ አራት ወር ገደማ ሆነ። ቡክስተሁደ በገና ዋዜማ ሳምንታት በማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚያዘጋጀው የማታ ሙዚቃ ነበረው። በታኅሣሥ 1705 ደግሞ ለሟቹ ንጉሠ ነገሥት ለሊዮፖልድ መታሰቢያና ለአዲሱ ለዮሴፍ ንግሥ ሁለት ልዩ ምሽቶች አዘጋጀ። ባኽ በዚያ ወቅት ከተማው ውስጥ ነው። ተነስቶ እንዴት ይመለስ? እኔ ብሆንም አልመለስም። እነዚያ የሉቤክ ኦርጋኖች በ1942 በሆሣዕና እሁድ ሌሊት በቦምብ ተቃጥለዋል። ያን ድምፅ ዛሬ ማንም አይሰማውም።

የካቲት 1706 ችሎት ቀረበ። ቃለ ጉባኤው ተጠብቆ ቆይቷል። የት ነበርክ ተባለ። ስለ ሙያዬ አንድ አንድ ነገር ልማር ሉቤክ ነበርኩ አለ። ለዚህን ያህል ጊዜ ለምን ቆየህ ተባለ። ሥራውን የሚሸፍን ሰው ተክቻለሁ ብሎ መለሰ። ከዚያ ዋናው ክስ መጣ። መዝሙሩን ሲያጅብ እንግዳ የሆነ ማስዋቢያ ያበዛል፣ ባዕድ ድምፅ ይቀላቅላል፣ ጉባኤው ግራ ይጋባል። ቀድሞ የመዝሙሩን መግቢያ በጣም ያስረዝም ነበር፣ አሳጥር ሲባል ደግሞ በአንዴ እጅግ አሳጠረው።

ጉባኤ የሚያጅብ ሰው ይህን ሲያነብ ሁለቱንም ወገን ይረዳል። ሰው እየዘመረ ነው፤ ዜማው ከእግሩ ሥር ሲጠፋበት ይደነግጣል። ያ ቅሬታ ትክክል ነው። ግን ያ ሃያ ዓመት የሞላው ወጣት ከሉቤክ ጆሮው ተከፍቶ ነው የተመለሰው። ዝም ብሎ እንደ ድሮው ሊጫወት አይችልም። እኔ ከባኽ ጋር ነኝ።

አደባባዩ ላይ የወጣቱ ባኽ ሐውልት አለ። በ1985 የቆመ ነው። እግሩን ዘርግቶ፣ ወደ ኋላ ተለጥጦ፣ ማንንም የማይፈራ ጎረምሳ። ሌላ ቦታ ካየሁት የባኽ ሐውልት ሁሉ ይህን ወደድኩት።

አመሻሽ ላይ በእግሬ ዶርንሃይም ሄድኩ። በእርሻ መሃል የምትገኝ መንደር ናት። በትንሿ ቤተ ክርስቲያን ጥቅምት 17 ቀን 1707 ባኽ ማሪያ ባርባራን አገባ። እሷም ከባኽ ዘር ናት። ያን ጊዜ ሚውልሃውዘን ከተማ ተቀጥሮ ነበር፤ እዚያ ዓመት ያህል ቆይቶ ለቀቀ። በሩ ተቆልፎ ስለነበር በውጭ ዞሬ ተመለስኩ።

ሐሙስ፣ ቫይማር

ቫይማር በባለቅኔዎቹ በጎተና በሺለር ስም የተሞላ ከተማ ነው። ባኽ እዚህ ከ1708 እስከ 1717 ኖሯል። ግን አሻራውን መፈለግ አለብህ። የሠራበት የቤተ መንግሥት ጸሎት ቤት በ1774 ተቃጥሏል። ኦርጋኑ ከላይ ጣሪያው አካባቢ ስለነበር ሙዚቃው ከሰማይ እንደሚወርድ ይሰማ ነበር። የኖረበት ቤት የለም፤ ሁለት ልጆቹ፣ ቪልሄልም ፍሪደማንና ካርል ፊሊፕ አማኑኤል፣ እዚህ መወለዳቸውን የሚናገር ሰሌዳ ግድግዳ ላይ አለ። ሁለቱም በኋላ ስመ ጥር ደራሲያን ሆነዋል።

የኦርጋን ድርሰቱ አብዛኛው የተጻፈው እዚህ ነው። መስፍኑ ቪልሄልም ኤርንስት አጨዋወቱን ይወድ ነበር። ግን በ1717 ባኽ ኮተን በምትባል ከተማ የተሻለ ሥራ አገኘና አሰናብቱኝ አለ። መስፍኑ እምቢ አለ። ባኽም እልኸኛ ነው፣ አልተወም። ከኅዳር 6 እስከ ታኅሣሥ 2 ታሰረ። ሲፈታም ያለ ምስጋና ተሰናበተ።

አሁን የጨረቃውን ነገር ልጨርስ። በ2004 የዱቼስ አና አማሊያ ቤተ መጻሕፍት በእሳት ተቃጥሎ ብዙ መጽሐፍ ወደመ። በሌላ ቦታ ተቀምጠው ከተረፉት ሰነዶች መካከል በ2006 አንድ ግኝት ወጣ። ወጣቱ ባኽ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ፣ በእጁ የገለበጣቸው የኦርጋን ሥራዎች ናቸው። አንዱ የቡክስተሁደ፣ ሌላው የሃምቡርጉ ኦርጋን ተጫዋች የራይንከን ነው። ሁለቱም እጅግ ከባድ ናቸው። ሉቤክ በእግሩ ከመሄዱ ከዓመታት በፊት የቡክስተሁደን ሥራ ያውቅ ነበር ማለት ነው። መምህሩን በወረቀት ካገኘው በኋላ ነው በአካል የፈለገው።

ዓርብ፣ ናውምቡርግ

ከቫይማር ወደ ላይፕዚግ በሚወስደው ሐዲድ ላይ ናውምቡርግ አለች። ቱሪስቱ ሁሉ ለካቴድራሉ ይወርዳል። እኔ የወረድኩት ለቅዱስ ቬንዘል ቤተ ክርስቲያን ነው።

ባኽ የነካቸው ኦርጋኖች ብዙዎቹ ጠፍተዋል ወይም ተለውጠዋል። ይህ ግን አለ። ዛካሪያስ ሂልደብራንት በ1746 ጨረሰው። 53 የድምፅ ረድፍ (አንድ ዓይነት ድምፅ የሚሰጡ ቧንቧዎች ስብስብ)፣ ሦስት የእጅ ሰሌዳና ፔዳል አለው። መስከረም 27 ቀን 1746 ሁለት ሰዎች ሊመረምሩት መጡ። አንዱ ጎትፍሪድ ዚልበርማን ነው፣ የሂልደብራንት አሠልጣኝ የነበረው ዝነኛ የኦርጋን ሠሪ። ሌላው የስድሳ አንድ ዓመቱ ባኽ ነው።

የባኽ አመራመር ልጁ ካርል ፊሊፕ አማኑኤል በነገረው ይታወቃል። መጀመሪያ ሁሉንም ረድፍ ይከፍትና በሙሉ ኃይል ይጫወታል። ኦርጋኑ ጥሩ ሳንባ እንዳለው ማወቅ አለብኝ ይል ነበር። ንፋሱ በቂ ካልሆነ ድምፁ ወዲያው ይንገዳገዳል። ኦርጋን ሠሪዎች በዚያ ሰዓት ይገረጣሉ። ከዚያ ቧንቧ በቧንቧ ይወርዳል። ይህ ሰው የቅብ ሥዕል ውስጥ ያለ ሊቅ ብቻ አይደለም። የንፋስ በርን፣ የእንጨት ሥራን፣ የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥን የሚያውቅ ባለሙያ ነው። በዘመኑ ሰዎች ዘንድ ከደራሲነቱ ይልቅ የገነነው በኦርጋን ተጫዋችነቱና በመርማሪነቱ ነው።

ስገባ አንድ ሰው እየተለማመደ ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ለስለስ ያሉ ድምፆችን እየሞከረ ቆየ። በኋላ ፔዳሉ ላይ ትልቁን የመለከት ረድፍ ከፈተ። ድምፁን ከመስማቴ በፊት ከአግዳሚው እንጨት ላይ በጀርባዬ ተሰማኝ። በጆሮ ማዳመጫ ስሰማ የኖርኩት ሙዚቃ ሰውነት እንዳለው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ግድግዳው ድምፁን ተቀብሎ ይመልሳል። ተጫዋቹም ይህን ያውቃል፤ ሐረጉን ጨርሶ ለግድግዳው ጊዜ ይሰጣል። የባኽ ዕረፍቶች ለምን እዚያ እዚያ እንደተቀመጡ ገባኝ። ኦርጋን ከሕንጻው ተለይቶ መሣሪያ አይደለም። ሕንጻው ራሱ የመሣሪያው ግማሽ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1748፣ እዚህ ኦርጋን ላይ የተቀጠረው አልትኒኮል የባኽ ተማሪ ነው። ቀጥሎ የባኽን ሴት ልጅ አገባ። አማቱ የመረመረውን ኦርጋን መጫወት ደስ የሚል ዕድል ነው።

ኮተንን በዚህ ጉዞ አልሄድኩባትም። ባኽ እዚያ ከ1717 እስከ 1723 የልዑል ሊዮፖልድ የሙዚቃ ኃላፊ ነበር። ልዑሉ ሉተራን ሳይሆን ካልቪናዊ ስለሆነ በቤተ ክርስቲያኑ ሙዚቃ አይበዛም። ባኽ የብራንደንቡርግ ኮንቸርቶ የሚባሉትን የመሣሪያ ድርሰቶች ያስረከበው ከዚያ ሆኖ ነው፣ በ1721። ደስ ያለው ዘመን ነበር። ግን በ1720 ከልዑሉ ጋር ካርልስባድ ሄዶ ሲመለስ ማሪያ ባርባራ ሞታ ተቀብራ ጠበቀችው። ደህና ትቷት የሄደ ሰው ከቤቱ በር ሲደርስ መርዶ ሰማ። በቀጣዩ ዓመት የቤተ መንግሥቱን ዘማሪት አና ማግዳሌናን አገባ።

ቅዳሜ፣ ላይፕዚግ

ላይፕዚግ ባኽን መጀመሪያ አልፈለገችውም። በመጀመሪያ ሌሎች ደራሲዎችን፣ ቴሌማንን፣ ከዚያ ግራውፕነርን ጠየቀች። ሁለቱም ሳይመጡ ቀሩ። በግንቦት 1723 ባኽ ተቀጠረ። ውሉ ያለ ከንቲባው ፈቃድ ከከተማ እንዳይወጣ ይከለክላል። አራት ወር ሉቤክ የቀረው ሰው ይህን ፈርሞ ለ27 ዓመት ቆየ።

ሥራው ኦርጋን መጫወት አልነበረም። የቶማስ ትምህርት ቤት የመዘምራን መምህርና የከተማዋ ቤተ ክርስቲያናት ሙዚቃ ኃላፊ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለየእሁዱ ካንታታ ያዘጋጃል፤ ለዕለቱ ወንጌል የሚስማማ የመዘምራንና የመሣሪያ ድርሰት። ይጽፋል፣ ተማሪዎችና አና ማግዳሌና ይገለብጣሉ፣ ይለማመዳሉ፣ እሁድ ጠዋት ይቀርባል። ሰኞ ደግሞ ሌላው ይጀመራል። ወደ ሁለት መቶ የሚሆኑት ደርሰውናል። የማቴዎስ ሕማማት የሚባለው ትልቁ ድርሰቱም በ1727 ስቅለት እዚሁ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ቀርቧል።

በ1730 ለልጅነት ጓደኛው ለኤርድማን የጻፈው ደብዳቤ አለ። ኑሮ ተወዷል፣ አለቆቼ ለሙዚቃ ደንታ የላቸውም ይላል። ገቢው በዓመት ወደ 700 ታለር ነው። ከቀብር የሚያገኘው አበል ግን አየሩ ጤናማ ሲሆን ይቀንሳል፤ ባለፈው ዓመት ሰው ስላልሞተ ከመቶ ታለር በላይ አጣሁ ብሎ ያማርራል። ያነበቡት ብዙዎች ይደነግጣሉ። እኔ ግን የልጆቹን ብዛት አስባለሁ። ከሁለት ሚስቶቹ ሃያ ልጅ ወለደ፤ ለአቅመ አዳም የደረሱት አሥር ናቸው። ግማሹን ቀብሯል። ስለ ቀብር የሚጽፈው ይህ ሰው ነው።

ከቀኑ 9 ሰዓት ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ሞተቱ፣ መዘምራኑ የሚዘምሩበት ጸሎት፣ ተጀመረ። መዘምራኑ ከ1212 ጀምሮ አሉ። ትንንሾቹ ልጆች የመርከበኛ ልብስ ለብሰው ከሰገነቱ ላይ ይዘምራሉ። ዓርብ ከማታው 12 ሰዓት፣ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት። ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ ሰልፉ ረዥም ነው። መሃል ላይ ጉባኤው ተነስቶ አንድ መዝሙር ዘመረ። ዜማውን አውቀዋለሁ። በጀርመንኛ ሳይሆን በአማርኛ ከአፌ ወጣ። አጠገቤ ያሉት አሮጊት ዞር ብለው አዩኝና መዘመራቸውን ቀጠሉ።

ከመዘምራኑ በኋላ መቃብሩ ጋ ሄድኩ። መሠዊያው ፊት ወለሉ ላይ የነሐስ ሰሌዳ ነው፣ ስሙ ብቻ። ባኽ ሐምሌ 28 ቀን 1750 ሞተ። በዚያ ዓመት ጆን ቴይለር የሚባል እንግሊዛዊ የዓይን ሐኪም ሁለት ጊዜ ቀዶት ነበር፤ ዓይኑም ጠፋ፣ ጤናውም ተናጋ። የተቀበረው በቅዱስ ዮሐንስ መቃብር ስም ሳይጻፍበት ነው። በ1894 ተቆፍሮ ወጣ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በጦርነቱ ሲፈርስ እንደገና ተነሳ። እዚህ የመጣው በ1949 ነው።

የአና ማግዳሌና መቃብር ግን የትም የለም። በ1760 የሞተችው በምጽዋት የምትኖር መበለት ሆና ነው። ስንቱን የባኽ ወረቀት በእጇ የገለበጠች፣ ድምፅዋን ትታ አሥራ ሦስት ልጅ የወለደች ሴት ናት። የወለደቻቸው ወይም ያሳደገቻቸው ስመ ጥር ወንዶች ነበሩ። ይህ አሁንም ያናድደኛል።

እሁድ፣ ላይፕዚግ

ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ያለውን የባኽ ሙዚየም አየሁ። ሃውስማን በ1748 የሣለው ሥዕል አለ። ባኽ ወፈር ብሏል፣ ቅንድቡ ከብዷል። በእጁ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ወደ ተመልካቹ ዘርግቷል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የሦስት ድምፅ ዜማ ነው። ሌሎቹን ሦስት ድምፆች የሚያየው ሰው ራሱ ፈልጎ ማውጣት አለበት። መምህር ነውና ሥዕሉም የቤት ሥራ ይሰጣል።

አጠገቡ ያለው የባኽ መዝገብ ቤት ተመራማሪዎች በኅዳር 2025 ሁለት የኦርጋን ድርሰቶች የባኽ ናቸው ብለው ይፋ አድርገዋል። ሁለቱም ቻኮን ናቸው። የተገኙት ብራስልስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ገልባጩ የባኽ የአርንሽታት ዘመን ተማሪ ነው። ተመራማሪው ፔተር ቮልኒ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተከታተለው። ኦርጋን ተጫዋቹ ቶን ኮፕማን ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተጫወታቸው። በአርንሽታት ሰይፍ የመዘዘው ጎረምሳ የጻፋቸው ማለት ነው።

ቻኮን ላይ አንድ አጭር የባስ ዜማ ደጋግሞ ይመጣል፣ ከላይ ያለው ግን በየዙሩ ይለወጣል። ባሱን የሚይዘው ብዙ ጊዜ እግር ነው። ኪቦርድ ላይ ያደግን ሰዎች እግራችን ሥራ አያውቅም። ማታ ባቡር ውስጥ ሆኜ ሰፈሬ ላለው የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ጻፍኩላት። ኤርፉርትን ሳናልፍ መልሷ ደረሰኝ። ሐሙስ ማታ ኦርጋኑ ነፃ ነው፣ ቀጭን ሶል ያለው ጫማ ይዘህ ና አለችኝ።